ባትሪው ለቲቪው ነው ወይስ ለአባባ?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሐኪም ይልቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ስለሚተካው ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ጄኔሬተር ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ታማሚ ላለበት ቤተሰብ ይህ ጉዳይ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር አብሮ መነሳት ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባትሪና ኢንቨርተር ያስገጠሙ ቤቶች በዝተዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ሲገጠም ግን የሚታዘዘውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? “የሳሎኑን አምፖል፣ ቲቪውን፣ ዋይፋዩን” ይባላል። ከተረፈ ፍሪጁ። በዚያ ቤት በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሱ አባት፣ አስም ያለባት ልጅ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ባትሪው መጀመሪያ የታማሚው ነው። ቲቪው ይጥፋ።

ይህን የምለው ካየሁት ተነስቼ ነው። ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ሰንብተው የወጡ አንድ አባትን ቤታቸው ሄጄ አይቼ ነበር። ልጆቻቸው የሚመሰገኑ ናቸው፤ ኮንሰንትሬተር ማለትም በኤሌክትሪክ እየሠራ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚለይ ማሽን ገዝተውላቸዋል። ቤቱም ደህና ባትሪ አለው። እዚያው እያለሁ መብራት ጠፋ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ዜናውን እንኳ አላቋረጠም፤ ከመኝታ ቤት ግን የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ይጮህ ጀመር። ለካ የባትሪው መስመር የተዘረጋው ለሳሎን ብቻ ነው! ልጆቹ ኤክስቴንሽን ፍለጋ ሲሯሯጡ አባባ ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ ከ92 ወደ 84 ወረደ። ኤክስቴንሽኑ ተገኘ፣ ማሽኑ ተሰካ፣ እሳቸውም ተረጋጉ። ይህ ግን በቀን፣ ሰው ሁሉ ቤት ባለበት ሰዓት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆንስ?

ከሁሉም ያበሳጨኝ ሌላ ነው። አባባ ከሆስፒታል ሲወጡ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የቀጠሮው ቀን፣ ጨው እንዲቀንሱ ሁሉ ተጽፏል። “መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?” ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን አዝዞ ስለ ኤሌክትሪኩ አለመጠየቅ፣ መርፌ አዝዞ ማን እንደሚወጋ አለመጠየቅ ነው። ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። እናንተ ግን እኛን አትጠብቁ፤ ካልተጠየቃችሁ ራሳችሁ አንሱት።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ አትፍሩት። በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጥ የቤት ውስጥ ኮንሰንትሬተር ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 350 ዋት ይወስዳል። ቁጥሩ ከማሽኑ ጀርባ ወይም ታች ተለጥፏል። ባትሪው ላይ ደግሞ ለምሳሌ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር አወር ይላል። ሁለቱን ስታባዙ 1,200 ዋት አወር ይመጣል። “1,200 ለ350 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ከምናምን” ብላችሁ ግን አትደሰቱ። ባትሪው ሊድ አሲድ የሚባለው፣ አሲድና እርሳስ ያለበት ዓይነት ከሆነ ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የምትቆጥሩት 600ውን ነው። ኢንቨርተሩም ሲቀይር ከአሥር አንድ ያህሉን ወይም ትንሽ በለጥ ያለውን ይበላል። የሚተርፋችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያው መጠን ያለ ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ይዘቱን ስለሚሰጥ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊያደርሳችሁ ይችላል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይወደዳል። ሻጩ “ሌሊቱን ሙሉ ያቆያችኋል” ሲላችሁ የሚያስበው አምፖልና ዋይፋይ ነው፤ የአባባን ማሽን አልቆጠረውም። ስለዚህ ስትገዙ የማሽኑን ዋት በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ሲነሳ ለአፍታ ከተጻፈው በላይ ኃይል ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ሰፋ ያለ አቅም ይኑረው፤ “ፒዩር ሳይን ዌቭ” የሚባለውም ይሁን። በርካሹ ዓይነት ላይ ሞተር ያለው ማሽን ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከመኪና የወጣ ባትሪ ደግሞ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲሰጥ አልተሠራምና ቶሎ ይሞትባችኋል።

አንዳንድ ቤተሰቦች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የኦክስጅኑን መጠን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ አይጠቅማችሁም። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ሞተሩ የሚሠራው ያው ስለሆነ የምትቆጥቡት ኃይል እምብዛም ነው፤ ታማሚው ግን ይጎዳል። “እስከዚያ ይጠራቀምላቸው” ብሎ ከታዘዘው በላይ መጨመርም ነውር ነው፤ በተለይ የቆየ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከልክ ባለፈ ኦክስጅን ይጎዳሉ።

የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ኦክስጅን ያለማቋረጥ ለሚያስፈልገው ሰው ከባትሪ በፊት አንድ ሲሊንደር ይኑር። ሲሊንደር መብራት አይፈልግም። ትልቁ ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 50 ሰዓት ያህል ማለት ነው። ከላይ ካሰላነው አንድ ሰዓት ተኩል ጋር አስተያዩት። ባትሪው ለአጭሩ መቋረጥ፣ ሲሊንደሩ ለረጅሙ ይሁን። ግን ሲሊንደሩ ጥግ ላይ ቆሞ የሚከፍትበት ቁልፍ ጎረቤት ከሆነ ዋጋ የለውም። ቁልፉ በገመድ ታስሮ እዚያው ይንጠልጠል፣ መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ይገጠም፣ ከቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው መክፈትና ማገናኘት ይልመድ። ሠራተኛዋንም አስተምሯት፤ ቀን ቀን ከታማሚው ጋር የምትውለው እሷ ናት። ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

አደራ ግን! ኦክስጅን ባለበት ክፍል ቡና አይፈላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሻማ አይበራም፣ ሲጋራ አይታሰብም። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ነገር ሻማ መለኮስ ስለሆነ ነው ይህን ደጋግሜ የምናገረው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ትንሿን እሳት ግን በቅጽበት ትልቅ ያደርጋታል። እሳት ካለ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። አፍንጫቸው ሲደርቅ የምትቀቡት ቫዝሊንም ከኦክስጅን ጋር አይስማማም፤ ቅባት ያልሆነ፣ በውሃ የተሠራ ቅባት መሰል ነገር ፋርማሲ ጠይቁ። ለብርሃን በባትሪ የሚሠራ አምፖል ወይም የእጅ ባትሪ አልጋው አጠገብ አድርጉ።

ወደ ልጆች ልምጣ። አስም ያለበት ልጅ ያላቸው ብዙ ወላጆች ኔቡላይዘር ገዝተዋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይደነግጣሉ። ለእናንተ ግን ባትሪ ግዙ አልልም። ለአብዛኛው የአስም መነሳት ፓፉ (የሚነፋው ሳልቡታሞል) ከስፔሰር ጋር በትክክል ከተወሰደ ከኔቡላይዘር አያንስም፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም አይፈልግም። ስፔሰር በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። እሱ ካልተገኘ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐኪሞች በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞክረውት በሕፃናት ላይ ጥሩ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት አሳይተዋል፤ የጠርሙሱ ታች በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። አሠራሩንና የሚነፋውን መጠን ሐኪማችሁ በእጁ ያሳያችሁ፤ ከቪዲዮ ብቻ አትማሩ። ኔቡላይዘሩ ይቀመጥ፣ ስፔሰሩ ግን ከቦርሳችሁ አይለይ። ልጁ ጎድኑ ወደ ውስጥ እየገባ ከተነፈሰ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መብራት መጣ አልመጣ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ኢንሱሊን የምትጠቀሙ ደግሞ ፍሪጁ ጠፋ ብላችሁ አትሸበሩ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥቅም ላይ ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ አዲስ አበባ ላለ አየር የጥቂት ሰዓት መቋረጥ ችግር አይሆንም፤ ፍሪጁን ደጋግማችሁ አትክፈቱት እንጂ። ድሬዳዋ፣ አፋርና ጋምቤላ ያላችሁ ግን ሌላ ነው። እዚያ እርጥብ አሸዋ ወይም እርጥብ ጨርቅ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዛል። ጠርሙሱ ራሱ በላስቲክ ይጠቅለል። በረዶ ላይ አታስቀምጡት፤ አንዴ የቀዘቀዘና የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ አይወሰድም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያስፈራኝ ነገር መጣሁ። የጠፋውን መብራት ለመተካት ብለን ቤታችን የምናስገባው ሞት ነው፦ የጄኔሬተርና የከሰል ጋዝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። “ከሰሉ ጭሱን ጨርሷል፣ ፍም ሆኗል፣ አሁን አስገቢው” ስንል ያደግንበት አባባል ብዙ ሰው ገድሏል። ጭሱ የሚታየው ቆሻሻ ነው፤ ገዳዩ ጋዝ ከቀላው ፍም መውጣቱን ይቀጥላል። ጄኔሬተርም እንዲሁ። በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ላይ አስነስቶ “በሩ ክፍት ነው” ማለት መፍትሔ አይደለም። ከቤቱ መስኮትና በር ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ወደ ውጭ ዞሮ መቆም አለበት። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ይህን ርቀት ከየት እናምጣው? አናመጣውም። ስለዚህ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ መፍትሔው ባትሪ ነው፤ ጄኔሬተር አይደለም። ታች ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን በእናንተ መስኮት ሥር ካቆመም ለመናገር አትፈሩ፤ የድምፁ ነገር ትንሹ ችግር ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም ነው። ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስላል። ልዩነቱ አንድ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታመማል፤ ከቤት ሲወጡም ይሻላቸዋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉልኝ፦ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ይታለላል። ሰውየው እየሞተ 98 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ “መለኪያው ደህና ነው ይላል” ብላችሁ አትቀመጡ። ሰውየውን ወደ ንጹህ አየር አውጡ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ወተት ማጠጣት መርዙን አያወጣም፤ የሚያወጣው ኦክስጅን ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ ኃይለኛ ቅዝቃዜ መጥቶ ለቀናት መብራት ሲጠፋ፣ ለመሞቅና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል። ከመካከላቸው የአገራችን ልጆችም ነበሩበት። ውጭ የምትኖሩ የገጹ ቤተሰቦች፣ እናንተ ጋ ጋዙን የሚለየው ማንቂያ በቀላሉ ይገኛል፤ በባትሪ የሚሠራውን ግዙ። በግድግዳ መብራት ብቻ የሚሠራው በምትፈልጉት ቀን ዝም ይላል። አረጋውያን ወላጆቻችሁን ማሽን ገዝታችሁ ስትልኩላቸውም ከማሽኑ ጋር የመብራቱን ነገር አብራችሁ አስቡበት።

“ዶክተር፣ ህዳሴ ግድብ ተመርቆ ምን የባትሪ ወሬ ነው?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ሁላችሁም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ እስከ አባባ መኝታ ቤት ድረስ የሚመጣው በመስመር፣ በትራንስፎርመርና በሰፈራችሁ ምሰሶ ነው። ክረምት ላይ አንድ የወደቀ ዛፍ ይበቃል። የሳንባ ምች የሚበዛውም ያኔ ነው።

አቅምስ? ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ባትሪ የማይገዛ ቤት ብዙ ነው። ቢያንስ ግን ይህን ማድረግ ይቻላል። በአቅራቢያችሁ ጄኔሬተር ያለው፣ ሌሊትም የሚከፈት ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። ባትሪ ያለው ጎረቤት ካለ “ሌሊት ብናንኳኳ ትከፍቱልናላችሁ?” ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እምቢ የሚል ኢትዮጵያዊ ጎረቤት እስካሁን አልገጠመኝም። ዕድር ለቀብር ድንኳን እንደሚገዛ ሁሉ ለሰፈሩ ታማሚዎች አንድ ባትሪና አንድ ሲሊንደር ቢገዛ ምናለበት? ለሞተው የምናዋጣውን ያህል ለታመመውም ብናዋጣ እላለሁ። ስልካችሁና ፓወር ባንካችሁ ማታ ማታ ይሙላ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ለመደወል ስልክ ያስፈልጋል።

ባትሪ የምታስገቡ ደግሞ ሕፃናት ካሉበት ራቅ አድርጉት። አሲድ ያለው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል፤ አልጋ ሥር አይቀመጥም። የባትሪ አሲድን በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ዓይን ውስጥ ከረጨ እየሄዳችሁ ሳይሆን እዚያው ቆማችሁ በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ካያችሁ ቻርጅ ማድረግ ይቁም። እነዚያ መብራት ሲጠፋ የምንለኩሳቸው ትንንሽ የጌጥ አምፖሎችና የልጆች መጫወቻዎች ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ልጃችሁ ውጧታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ “በሰገራ ይወጣል” ብላችሁ አትጠብቁ፤ አታስመልሱት፣ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ቅዳሜ፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ ቤት እያለ፣ ሲሊንደሩ በእጃችሁ ሆኖ፣ ቆጣሪውን ራሳችሁ አጥፉት። የታማሚው ሶኬት ይሠራል? ማሽኑ ድንገት ሲቋረጥ ይጮሃል? (አንዳንዱ የሚጮኸው በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሷም ታልቃለች።) ባትሪው ስንት ሰዓት ቆየ? ሰዓቱን ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ፤ ባትሪ እያረጀ ይደክማልና በየሦስት ወሩ ድገሙት። መብራቱን መልሳችሁ ስታበሩ ማሽኑ ኦክስጅኑን በሚገባው መጠን ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈጅበት ሲሊንደሩን ወዲያው አትንቀሉት። ሂሳቡ ካስቸገራችሁ የማሽኑን ዋትና ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከታች ጻፉልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።